የውክልና ክርስቲያን

እንጀራዬን የምበላው ውክልና እየጻፍሁ ነው። ዐረብ አገር የምትሄድ ልጅ ለእናቷ፣ አሜሪካ የሚኖር ወንድም ለእኅቱ፣ ጉልበታቸው የደከመ አባት ለልጃቸው የሚሰጡትን ሥልጣን በወጉ አሰናድቼ ወደ ውልና ማስረጃ እሸኛቸዋለሁ። «በስሜ እንድትሸጥ፣ እንድትለውጥ፣ እንድትከስ፣ እንድትከሰስ፣ ከእኔ የሚፈለገውን ሁሉ እንድትከፍል» የሚለውን እንቅልፍ ላይ ሆኜም አልስተውም። ታዲያ ይህ ሙያ ቀስ በቀስ ከጠረጴዛዬ ተነሥቶ ነፍሴ ውስጥ ገባ። ዛሬ ሃይማኖቴን ብትመረምሩት ከላይ እስከ ታች በወኪል የሚካሄድ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የሚጾምልኝ አለ፣ የሚጸልይልኝ አለ፣ የሚቆርብልኝ አለ፣ ጎረቤቴን የሚቀብርልኝም አለ። በራሴ የማከናውነው ነገር ቢኖር «ክርስቲያን ነኝ» ማለት ነው፤ እሱንም ቢሆን «ማተቤ ይናገር የለ» ብዬ የምተወው ጊዜ ይበዛል።

በእርግጥ የመጀመሪያውን ውክልና የሰጠሁት እኔ አይደለሁም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። እኔም በወጉ በቀኔ ተወሰድሁ። የክርስትና አባቴ ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ካዱልኝ፤ ወደ ምሥራቅ ዞረው ሃይማኖቴን መሰከሩልኝ። እኔ በዚያ ሰዓት አለቅስ ነበር አሉ። ይህ ውክልና ሕጋዊ ነው፤ አራስ ልጅ አፍ ስለሌለው ሌላ ሰው አፍ ይሆነዋል። ግን ገደብ አለው። ልጁ ክፉና ደጉን ሲለይ ቃሉን ተረክቦ በራሱ አንደበትና በራሱ ጉልበት ሊፈጽመው ነው። እኔ አፍ ካወጣሁ ሰንብቻለሁ፤ እንዲያውም አፈኛ ነህ ይሉኛል። ጢሜ በቅሎ፣ በቅሎም ሸብቷል። የክርስትና አባቴ ዐርፈዋል። ቃሌን ግን አልተረከብሁም፤ እሳቸው ሲያርፉ ሥልጣኑን ለሌሎች ወኪሎች አከፋፈልሁት።

ዋናዋ ወኪሌ እናቴ ናት። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ታደርሳለች፤ የዕለቱን ዳዊት ትደግማለች። ከዚያ ልጆቿን በየክርስትና ስማችን ትጠራለች። መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነኝ። ይህን ስለማውቅ እንቅልፌ የሰላም ነው። ለሥራ ስወዳደር፣ የሐኪም ውጤት ስጠብቅ፣ ባለሥልጣን ደጅ ስጠና ስልክ አንሥቼ «እማዬ፣ አደራሽን» እላለሁ። ነገሩ ከተሳካ «ለፍቼ አገኘሁት» ብዬ ለጓደኞቼ አወራለሁ። ካልተሳካ «ምነው ዛሬ አልጸለይሽም እንዴ?» ብዬ ወኪሌን እወቅሳለሁ።

የጾሙ ክፍል ኀላፊ ሚስቴ ናት። ሰባቱን አጽዋማት አንዱንም ሳታጓድል ትጾማለች፤ እኔም ከእሷ ማዕድ ስለምቆርስ ራሴን ከጿሚዎች እቆጥራለሁ። ቤት ውስጥ ከሽሮና ከምስር ሌላ ስለማይሠራ ሳልወድ በግድ ጻድቅ ነኝ። ቁርስ ግን አልተውም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከቢሮዬ ጎን ካለችው ቤት የጾም ፍርፍር በልቼ፣ አራት ሰዓት ላይ በሻይ የጾም ኬክ አወራርጄ፣ «ጾም እኮ ነው፤ አቅም አነሰኝ» ብዬ ደንበኞቼን አስጠብቃለሁ። ኬክ ቤቶች ወተትና ቅቤ የሌለበት ኬክ መሥራት ባይጀምሩ ኖሮ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ምን ይውጠኝ ነበር? ጾሙ ሲጋመስ ደግሞ ሊቅ እሆናለሁ። ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም በሚለው ክርክር የሁለቱንም ወገን ማስረጃ ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ወገን የምመርጠው እንደ ረኃቤ መጠን ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የእግዚአብሔር ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስና ከጥል መራቅ መሆኑን ነግሮናል። ሚስቴ የራሷን ምሳ ለተራበ ሰው ስትሰጥ አይቻለሁ። እኔ በጾም ወራት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ቁጡ ነኝ፤ ሳልራብ የምቆጣ ጿሚ። ለፋሲካው ቅርጫ ስም ሲመዘገብ ግን ወኪል አልልክም። በማለዳ ራሴ እሄዳለሁ፤ ስሜ ከዝርዝሩ ላይኛው መስመር ላይ ነው።

የቁርባኑ ወኪል ትንሿ ልጄ ናት። እሑድ እሑድ እናቷ አዝላ ትወስዳታለች። አዋቂ ሰው ሊቆርብ ሲል ንስሐ ይገባል፤ 18 ሰዓት ይጾማል፤ ከተጣላው ጋር ይታረቃል። ልጄ ከማንም አልተጣላችም። እኔ ከወንድሜ ጋር በውርስ ቤት ተኳርፈን በየአደባባዩ አንገታችንን አዙረን እንተላለፋለን። ስለዚህ ሰው «ትቆርባለህ?» ሲለኝ «ቤታችን ይቆርባል» ብዬ እመልሳለሁ። በየአጥቢያው ለቁርባን የሚሰለፉትን ተመልከቱ፤ አብዛኞቹ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ኃጢአት በሚሠራበት ዕድሜ ላይ ያለነው ሰዎች መድኃኒቱን ኃጢአት ላልደረሰባቸውና ኃጢአት ጥሏቸው ለሄደ ትተንላቸዋል።

ቅዳሴ ያለ አምስት ልዑካን አይቀደስም፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ሕዝቡም የራሱ ተሰጥዎ አለው። የእኔን ድርሻ ለስልኬ ሰጥቻለሁ። እሑድ ጠዋት ቀጥታ ሥርጭቱን ከፍቼ ትራስ ላይ አስደግፈዋለሁ። ዲያቆኑ የተቀመጡት እንዲነሡ ሲያዝ ትእዛዙ እኔን አይመለከትም፤ አልተቀመጥሁም፣ ተኝቻለሁ። ኢንተርኔቱ የተቆረጠ ዕለት «ወይኔ፣ ቅዳሴው ተቋረጠ» ብዬ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። ቅዳሴው ግን አልተቋረጠም፤ ከቤቴ በእግር በምትደረስ ደብር እስከ ስንብቱ ይቀጥላል። በሰው አገር፣ በሰው ቤት ተቀጥራ በር ለሚቆለፍባት እኅት ይህ ሥርጭት ምን ያህል ስጦታ እንደሆነ ከደንበኞቼ ሰምቻለሁ። የእኔ በር ግን የሚቆለፈው ከውስጥ ነው።

ወደ እድር እንምጣ። በእድራችን ደንብ ጥሩንባ ተነፍቶ ቀብር ያልወጣ አባል ይቀጣል። ሌላው ሰው ቅጣቱን እየተነጫነጨ ሲከፍል እኔ በፈገግታ እከፍላለሁ፤ የእድሩ ዳኛ ገንዘቡን ተቀብለው እስኪመርቁኝ ድረስ ቆሜ እጠብቃለሁ። በእኔ ቤት ምጽዋት ሰጥቻለሁ። የጎረቤቶቼን ሬሳ ግን የተሸከመው የሌላ ሰው ትከሻ ነው። የታመመ ሲኖር ሚስቴን ብርቱካን አስይዤ «የእኔንም ጠይቂልኝ» ብዬ እልካለሁ። የታሰረ ሰው ጠይቄ አላውቅም፤ ወኪልም አላገኘሁለትም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በመጨረሻው ፍርድ የተዘረዘሩትን ነገሮች ስትመለከቱ ሁሉም እጅና እግርን የሚፈልጉ ናቸው፦ የተራበን ማብላት፣ የታረዘን ማልበስ፣ እንግዳን መቀበል፣ የታመመንና የታሰረን መጠየቅ። ስለ ዓሣው ክርክር አንድም ጥያቄ የለም። የተዘጋጀሁት ላልወጣ ፈተና ነው።

ከውክልናዎቼ ሁሉ ደፋሩን ገና አልነገርኋችሁም። ነዳይ «ስለ ማርያም» ሲለኝ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብዬ አልፋለሁ። የእኔን ኪስ የሚመለከት ጉዳይ በቀጥታ ወደ ፈጣሪ መራሁት ማለት ነው። ስለቴም እንዲሁ ነው። ለቁልቢ ገብርኤል ተስዬ ስለቴ ሰመረ። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ያ የሐረርጌ ደብር ከየአቅጣጫው በሚመጣ ሕዝብ ይጥለቀለቃል፤ በእግሩ የሚመጣ አለ፣ ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣ አለ። እኔ ብሩን በፖስታ አድርጌ ለጎረቤታችን ሰጠሁና «ተሳልመሽልኝ ነይ» አልኋት። ስትመለስ ጸበልና እምነት አምጥታልኝ «ደከመኝ» ብትለኝ፣ «አይዞሽ፣ በረከቱን እንካፈላለን» አልኋት።

አውራ ጣቴ ግን ጻድቅ ናት። «አሜን ሳትሉ እንዳታልፉ» ከሚል ሥዕል ሁሉ ሥር አሜን ብላለች። ሃይማኖቴን የነካ ሰው ካገኘሁ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ተሟግቼ፣ ተሳድቤ፣ ረክቼ እተኛለሁ። «ለሃይማኖቴ እሞታለሁ!» ብዬ የጻፍሁበት ሌሊት አለ። ሊነጋጋ ሲል የደብሩ ደወል ተደወለ፤ ብርድ ልብሴን ወደ ራሴ ሳብሁ። ልሞትላት የተዘጋጀሁላትን ሃይማኖት ልነሣላት አልተዘጋጀሁላትም።

እዚህ ላይ ቀልዴ ይቆማል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ በባሕር ዳርቻና በበረሃ ስለ ክርስትናቸው የተገደሉት ወገኖቻችን እንጀራ ፍለጋ የወጡ ስደተኞች ነበሩ። በእነሱ ፈንታ አንገቱን የሚሰጥ ወኪል አልነበራቸውም። እኔ በዚያ ሰሞን የፌስቡክ ፎቶዬን በጥቁር ለወጥሁ። ሐዘኔንም ስልኬ አዘነልኝ።

ለዚህ ሁሉ መከላከያ የለህም ወይ አትበሉኝ፤ ራፖር ጸሐፊ መከላከያ አያጣም። የንስሐ አባቴ ቤታችንን ጠበል ሊረጩ በመጡበት ቀን በሚገባ አዘጋጅቼ አቀረብሁላቸው። የጀመርሁት ከታሪክ ነው። ፋርሶች እ.ኤ.አ. በ614 ኢየሩሳሌምን ወርረው የጌታን መስቀል ማርከው ነበር። የቤዛንታይኑ ንጉሥ ሕርቃል ሊያስመልሰው ሲነሣ በጦርነቱ ስለሚፈሰው ደም ፈራ፤ ምእመናኑም ጾሙን ተካፍለው ጾሙለት። የዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት ጾመ ሕርቃል የሚባለው ለዚህ ነው፤ ትውፊቱ እንዲህ ይላል።

«ስለዚህ አባቴ፣» አልኋቸው፣ «በወኪል መጾም ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው። ደግሞ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ያለውን ሽባ ይመልከቱ። አራት ሰዎች ተሸክመው ጣራ ነድለው አወረዱት፤ ጌታም የእነሱን እምነት አይቶ ፈወሰው። እኔም ተሸካሚዎች አሉኝ።»

አባ ቡናቸውን ፉት አሉ። «ንጉሡ እኮ ዘምቶ ነው የተጾመለት። አንተ የት ዘምተህ ነው?»

መልስ አልነበረኝም።

«ሽባውስ ቢሆን፣ አራቱ ተሸክመው አመጡት። ወደ ቤቱ ሲመለስ አልጋውን የተሸከመው ማነው?»

«ራሱ ነው፣ አባቴ።»

«እናትህ ስትጸልይልህ፣ ሚስትህ ስትጾምልህ ደግ አደረጉ፤ ቅዱሳንም ያማልዱሃል። እሱ ሁሉ እስከ ጌታ ፊት ያደርስሃል፤ 'ተነሥ' ሲልህ ግን የሚነሣው ያንተ እግር ነው።» ከዚያ የስግደት ቀኖና ሰጡኝ። ጉልበቴን እንደሚያመኝ ነገርኋቸው። «በጥር የእኅትህ ልጅ ሰርግ ላይ እስክስታ ሲወርድ ያየሁት ጉልበት የማን ነበር?» አሉኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ግማሹን ስግደት ሚስቴ ብትረዳኝ ብዬ ሳስብ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ ታመመች። አጠገቧ ባደርሁበት ሌሊት፣ ሊነጋጋ ሲል፣ «ልጄ፣ ዐይኔ አልገለጥ አለኝ፤ የዛሬውን ውዳሴ ማርያም አንብብልኝ» አለችኝ። መጽሐፉን ከማኅደሩ አወጣሁ። በትውፊት ቅዱስ ኤፍሬም እንደ ደረሰው የሚነገረው ይህ ጸሎት ለሳምንቱ ሰባት ቀናት የተከፋፈለ ነው፤ የየቀኑ ርእስ የተጻፈው ግን በግእዝ ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ የሰኞውን ጀመርሁ። «የዛሬውን ነው ያልሁህ፣ ልጄ» አለች ዐይኗን ሳትገልጥ። ገለበጥሁና የሌላ ቀን አነበብሁ። በመጨረሻ ራሷ በቃሏ ጀመረችው፤ እኔ እንደ ተማሪ ከኋላ ከኋላ ተከተልኋት። ለታማሚዋ ልጸልይላት ተቀምጬ ታማሚዋ ጸለየችልኝ። የዚያን ዕለት እንኳ ወኪሌ ዕረፍት አልወጣችም።

እማዬ ድናለች፤ ተመስገን። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የሙያዬ ሕግ እንቅልፍ ነሣኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራል ይላል። ለደንበኞቼ ይህን ሳስጠነቅቅ ኖሬአለሁ፦ «እርስዎ ካለፉ ይህ ወረቀት አይሠራም።» የእኔም ወረቀቶች ሥራ የሚያቆሙት ከሁሉ ይልቅ በምፈልጋቸው ቀን ነው። በወንጌሉ ምሳሌ ያሉት አምስቱ ሰነፎች ቆነጃጅት ዘይት ቢለምኑ ልባሞቹ ያልሰጧቸው ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ የሚካፈል ዘይት አልነበረማ። ፍትሐትና ተዝካር የለም ወይ ብትሉኝ፣ አለ፤ እሱንም አስቤበታለሁ። ተዝካሬን የምታወጣው ልጄ ሃይማኖት የተማረችው ከእኔ ከሆነ በስልክ ነው የምታወጣልኝ። ያው ሕግ ደግሞ ኑዛዜን ባለቤቱ እንጂ ሌላ ሰው ወክሎ ሊያደርገው እንደማይችል ይደነግጋል። ይህንንም ኑዛዜ እኔው መጻፍ ግድ የሆነብኝ በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ውክልናዎቹን አንድ በአንድ እየሻርሁ ነው። አላማረልኝም። ጥሩንባ ሲነፋ ቀብር ወጣሁ፤ ሰዎቹ የሟች ዘመድ ከውጭ አገር የመጣ መስሏቸው እኔን ሲያጽናኑ ዋሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ብዬ ደንበኞቼን ተቆጥቼ አባረርኋቸው፤ ሚስቴ ማታ ሰምታ «ብላና ሰላም ስጠን» አለችኝ። ቅዳሴ ቆሜ ላስቀድስ ሄጄ እግሬ ደንዝዞ በአንድ አዛውንት መቋሚያ ተደገፍሁ። ለወንድሜ ስደውልለት የመጀመሪያ ጥያቄው «ማን ሞተ?» የሚል ነበር። ማንም እንዳልሞተ ስነግረው ብዙ ዝም አለ፤ ከዚያ «ቤት ና» አለኝ። የውርሱን ጉዳይ ገና አልጨረስንም፤ ቡና ግን ጠጥተናል።

ከዚህ ሁሉ የተማርሁት ትንሽ ነው፣ ግን የራሴ ነው። በሰው ጾም የጠገበ ነፍስ የለም። በራስ አፍ የተነገረች፣ እየተንተባተቡ የደረሰች አንዲት ጸሎት፣ ተኝተው ከሚሰሙት ሙሉ ቅዳሴ የበለጠ ታስነሣለች። ለነዳይ አንዲት ብር በእጅ ስትሰጡ የሰውየውን ፊት ማየት ግድ ይሆናል፤ እኔ ስሸሽ የኖርሁት ብሩን ሳይሆን ፊቱን ነበር። መታረቅ ከመቁረብ በፊት ይመጣል፤ እሱን ደግሞ ሚስት አትታረቅልህም። እናቴ አሁንም ትጸልይልኛለች፤ እኔም በተራዬ በክርስትና ስሟ እጠራታለሁ። ማክሰኞ በግእዝ ሠሉስ እንደሚባልም አውቄአለሁ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ይህን ስታነብቡ «ይህ ለእገሌ ነበር የሚሆነው» ብላችሁ አስባችሁ ይሆናል። እኔ ስብከት ስሰማ ሁልጊዜ የማስበው እሱን ነውና አልፈርድባችሁም። ብቻ ለእገሌ አትላኩለት። እሱ የራሱን ይወቅ። እናንተ ያኮረፋችሁት ሰው ካለ ዛሬ ደውሉለት፤ የታመመ ጎረቤት ካላችሁ ብርቱካኑን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።